ባሕረ ሰናይት ከመንበሯ የሸሸችበት ዕለት

ሰው በዕድሜው ዘመን ከሚታመንባቸው ፍጡራን ሁሉ አብልጦ የሚታመነው በምድር ነው። ወዳጅ ሲከዳ ያየ፥ ሹም ሲሻር የታዘበ፥ ሀብት እንደ ጤዛ ሲረግፍ በዐይኑ የተመለከተ ሰው እንኳ፥ ጧት ተነሥቶ ደጁን ሲከፍት ተራራው በትናንት ስፍራው መቆሙን፥ ሐይቁም በትናንት ወሰኑ መተኛቱን ፈጽሞ አይጠራጠርም፤ ዐይን ራሱን እንደማያይ ሁሉ ይህ እምነት ከልቡ ጓዳ ተሰውሮ ይኖራልና፥ እምነት ነው ብሎ እንኳ አይቈጥረውም። ስለዚህ፥ አስተዋይና ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፥ የሰው ክዳት ያሳዝናል፥ የዘመን ክዳት ያስመርራል፤ የምድር ክዳት ግን ከኀዘንና ከምሬት አልፎ የሰውን አንደበት ይለጉማል፥ እግሩንም በቆመበት ያደርቃል። ከዚህ በታች የሚተረከው እንዲህ ያለ ድንጋጤ ያገኘው የአንድ ሊቅ ታሪክ ነው፤ ድንጋጤውንም ያከበደበት፥ ለከዳችው ምድር አስቀድሞ የመሰከረላት የገዛ ብዕሩ መሆኑ ነበር።

በቀደመው ዘመን፥ የነገሥታት ከተማ ድንኳን፥ የአዋጅ ልሳን ነጋሪት በነበረበት ወራት፥ ከደጋ አውራጃዎች ሁሉ በልምላሜዋ የተመሰገነች ምድረ ጽላሎት የምትባል ሀገር ነበረች። ስሟን ያገኘችው በመካከሏ ከቆመው ከደብረ ጽላሎት ነው፤ ይህም ተራራ ግርማው አስፈሪ፥ ጥላው ረጅም፥ ከግርጌው እስከ ራሱ በደን የተሸለመ ነበረ። ከእግሩ ሥር ሾላና ዋንዛ፥ ከወገቡ ላይ ዝግባና ጥቁር እንጨት፥ ከትከሻው ላይ ኮሶና ጽድ፥ ከዚያም በላይ ነፋስ ባለፈ ቍጥር እንደ ማኅሌት ጉባኤ ወዲያና ወዲህ የሚያዘነብል ቀርከሃ፥ ሁሉም በየማዕርጉ ቆሞ ይታይ ነበር፤ ጉም እስከ ቀትር አይለየውም፥ ጉሬዛም ነጭ ካባውን እያርገበገበ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ያየ መንገደኛ ሁሉ «ዕፁብ ነው» ሳይል አያልፍም። የተራራው ራስ ግን እንደ ሌሎች ተራሮች ሾጣጣ አልነበረም፤ በጥንት እሳት የተቦረቦረ ጽዋዕ ነበረ እንጂ፥ በዚያም ጽዋዕ ውስጥ ባሕረ ሰናይት የምትባለው ሐይቅ ሦስት ደሴቶቿን ታቅፋ ተኝታ ነበር። ዙሪያዋን ለመዞር ለብርቱ እግረኛ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ሰባት ምንጮች ከደኑ እየወረዱ ይገቡባታል፥ ከእርሷ ግን አንድ ጅረት እንኳ ሲወጣ የታየ አልነበረም። በሰሜንና በምዕራብ የሚከብባት ገደል ጥቁር ዓለት ነው፤ በደቡብ በኩል ግን ውኃዋን ከቆላው የሚለየው፥ ሣርና ቍጥቋጦ የለበሰ አንድ ዝቅተኛ ኮረብታ ብቻ ነበርና የሀገሩ ሰዎች «ከንፈር» ይሉታል። ከከንፈር ግርጌ የአረንዛ ወንዝ ይነሣል፤ ወንዙም በቀጥታ ወደ ቆላው አይወርድም፥ ተራራውን ሦስት ጊዜ ተጠማዝዞ ከዞረ በኋላ ነው እንጂ እንጎችት ከምትባለው የቆላ መንደር የሚደርሰው። ወንዙን ተከትሎ ለሚሄድ የግማሽ ቀን መንገድ ሲሆን፥ በተራራው አንገት በኩል ለሚያቋርጥ ግን የአንዲት ሰዓት የበቅሎ ግሥገሣ ናት።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ ያኖሩት አለቃ ስነ ጊዮርጊስ ነበሩ። እኒህ ሰው ቅኔን ከነመንገዱ፥ መጻሕፍትን ከነትርጓሜያቸው፥ የዘመን ቀመርን ከነስሌቱ የጠነቀቁ፥ ቁመታቸው ለግላጋ፥ ንግግራቸው ምጥን፥ ነጭ ጥምጥማቸው በሕዝብ ፊት ከራሳቸው የማይወርድ ሊቅ ነበሩ። የሀገሩ ገዥ ደጃዝማች መርዕድ የግዛታቸውን ተራራና ወንዝ፥ ደንና ሐይቅ፥ ወሰንና መንገድ የሚናገር መጽሐፍ እንዲጽፉላቸው ባዘዟቸው ጊዜ፥ አለቃ የመለኪያ ገመዳቸውንና የቀለም ቀንዳቸውን ይዘው ሁለት ዓመት ሙሉ ደኑን ዞሩ፤ ገደሉን በገመድ ለኩ፥ የሐይቁን ጥልቀት ድንጋይ አንጠልጥለው መረመሩ፥ የዛፉንና የወፉን ስም ከባላገሩ እየጠየቁ ጻፉ፤ በዚያች ሀገርም ከእርሳቸው በፊት እንዲህ የደከመ አልነበረም። ነገር ግን በሁለተኛው ዓመት ፍጻሜ፥ የቀራቸው ያ ከንፈር የተባለው ኮረብታ ብቻ በሆነ ጊዜ፥ ክረምት ገባ፥ ቍርጥማትም ጉልበታቸውን ያዘ፥ ደጃዝማችም መጽሐፉን ለማየት ቸኰሉ። አለቃም የሰሜኑን ዓለት ያዩ ዐይኖቻቸው ለደቡቡም የሚበቁ መስለዋቸው፥ ከድንኳናቸው ሳይወጡ፥ «የባሕረ ሰናይት ዙሪያ ሁሉ ዓለት ነው፥ መሠረቷም አይናወጥም» የምትል አንዲት መስመር ጽፈው ምዕራፉን ዘጉት።

ይህች መስመር ስትነበብ ከድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ የሰማት አያ ሺባባው ነበር። እርሱ ከደንገል ታንኳ እየሠራ፥ ዓሣ እያጠመደ ስድሳ ዓመት በሐይቁ ላይ የኖረ፥ ፊደል ያልቈጠረ፥ ሽበታም ባላገር ነው፤ አለቃንም በታንኳው እየቀዘፈ ደሴቶቹን ያሳያቸው እርሱ ነበረ። ራሱን ነቀነቀና፥ «አለቃ፥ አይቈጡኝና፥ ያ ከንፈር ድንጋይ አይደለም» አለ። «እኔ መቅዘፊያዬን ወግቼበታለሁ። ላዩ ጭቃ ነው፥ ከጭቃው በታች አሸዋ ነው። ክረምት ክረምት በስተቆላ በኩል ያልበዋል፤ ላቡም ጥሩ ውኃ አይደለም፥ ድፍርስ ነው።» አለቃም ፈገግ ብለው፥ «ወንድሜ፥ መቅዘፊያህ የደረሰበት አንድ ክንድ ነው፤ የምድር ጥልቀት ግን ብዙ ክንድ ነው» አሉት። «እውነትዎን ነው» አለ አያ ሺባባው፤ «ግን እርስዎ ያን አንዱንም ክንድ አልወጉት።» ደቀ መዛሙርቱ ሳቁ፥ አለቃም ሳቁ፤ ብራናውም ተጠቅልሎ በማኅደሩ ገባ፥ መስመሪቱም ሳትፋቅ ቀረች።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ዝናም በቆላው ላይ ጨከነ። ተራራው በጉሙና በደኑ ጠል ሲረካ፥ ሐይቁም እንደ ወትሮው ሞልቶ ሲያብለጨልጭ፥ ከታች ያለው የአረንዛ ወንዝ ግን መጀመሪያ ቀጠነ፥ ቀጥሎ ተቈራረጠ፥ በመጨረሻም ጠጠሩን አግጥጦ ደረቀ፤ የእንጎችት ሰዎችም ከብታቸውን አርደው ከጨረሱ በኋላ የወንዙን አሸዋ እየማሱ በቅል የሚቀዳ ውኃ ይፈልጉ ጀመር። በዚያች መንደር የአለቃ አንዲት ልጅ ትብለጽ ጎሹ ከሚባል ገበሬ ጋር ተጋብታ ትኖር ነበር፤ በዚያም የረኀብ ወራት በኵር ልጇን ወለደች። ለአባቷም፥ «ጡቴ ነጠፈ፥ ልጄ በአፉ ይፈልገዋል፥ አያገኘውም» ስትል በመንገደኛ ቃል ላከች። ይህ መልእክት በደረሰ በሳምንቱ ደጃዝማች መርዕድ መኳንንቱን ሰብስበው፥ «በሐይቃችን ልብ ውኃ ሞልቶ፥ ሕዝባችን ከሥሩ በጥም ይሙትን? አለቃ፥ ከንፈርን አንድ ቦይ ብንቀድበት ያለ ጉዳት ይወርዳልን?» ብለው ጠየቁ። አለቃም በዚያች ቅጽበት የልጅ ልጃቸው የደረቀ አፍ እንጂ ሌላ አልታያቸውም፤ «ጌታዬ፥ ዙሪያው ዓለት ነው፥ ጽፌዋለሁ። የሰው ቦይ ዓለትን አይጐዳም» ብለው መለሱ። አያ ሺባባው ይህን ሰምቶ እስከ ደጃዝማች አዳራሽ ወጥቶ ነበር፤ አጋፋሪዎቹ ግን «ዓሣው እንዳይሄድበት ፈርቶ ነው» ብለው ከደጅ መለሱት።

እነሆ፥ በወርኃ ኅዳር በአንድ ሐሙስ ጧት ስድሳ ቈፋሪዎች ከከንፈር ላይ ተሰለፉ። ካህናቱ ጸሎት አደረሱ፥ ደጃዝማችም በጥላ ሥር ተቀመጡ፥ አለቃም ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው በቀኛቸው ቆሙ፤ በእንጎችትም «ሐሙስ አረንዛ ይመጣል፥ ውጡና ተቀበሉት» የሚል አዋጅ ከዋዜማው ጀምሮ ተነግሮ ነበር። ረፋዱ ላይ ቦዩ ከሐይቁ ጋር ተገናኘ፤ ክንድ የምታህል ጥርት ያለች ውኃ ኮረብታውን ተሻግራ ወደ ቆላው ስትንቆረቈር እልልታው ደኑን አናጋው፥ ደጃዝማችም ቀለበታቸውን አውልቀው አለቃን ሸለሙ። አለቃ ቀለበቱን በጣታቸው ሳያስገቡ፥ ከቦዩ የታችኛው ጫፍ የነበረ አንድ ቈፋሪ፥ «ኧረ ምድሩ እንደ ገንፎ ሆነብኝ!» ብሎ ጮኸ። ሰዎች ሳቁበት። ሁለተኛ አልጮኸም፤ ያ የቆመበት ስፍራ ከነሣሩ ወደ ታች ሰመጠ፥ እርሱም አብሮ ጠፋ። ውኃዋም ወዲያው መልኳን ለወጠች፥ ከጥራት ወደ ቢጫነት፥ ከቢጫነትም ወደ ጥቍረት ተመለሰች፤ ላይኛው ጭቃ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተሰነጠቀና፥ ከሥሩ ያለው አሸዋ ሁሉ እንደ ዱቄት ከተቀደደ ስልቻ መፍሰስ ጀመረ። ሰው ትንፋሹን ስቦ እስኪመልስ ድረስ ክንድ የነበረው ቦይ አሥር ክንድ ሆነ፥ አሥሩም ክንድ ገደል ሆነ፥ ገደሉም ግራና ቀኙን እየበላ ወደ ሐይቁ መካከል ገሠገሠ። ሁለት መቶ ዓመት የቆሙ ዝግባዎች ሳይወድቁ፥ ቀጥ ብለው እንደ ቆሙ፥ ወፎቻቸው በላያቸው እየጮኹ ወደ ቆላው ሲሄዱ ታዩ። የደጃዝማች ድንኳን ሄደ፤ ሌሎች ስምንት ቈፋሪዎችም ከነዶማቸው ሄዱ። ከዚያም እነዚያ የተረፉት በእርጅናቸው ዘመን እንኳ በምንም ሊመስሉት ያልቻሉት ድምፅ ከምድር ሆድ ተሰማ፤ ባሕረ ሰናይትም ከዘለዓለም መንበሯ ተነሥታ፥ ሁለንተናዋን ይዛ፥ ሰዎች ቆመው እያዩ ወጣች።

አለቃ ስነ ጊዮርጊስ በገደሉ አፋፍ ቆመው ይህን አዩ፥ ያዩትንም አላመኑም። አንባቢ ሆይ፥ በእንዲህ ያለች ሰዓት የሰው ልብ የት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ልጃቸውን አላሰቡም፥ የሞቱትንም አላሰቡም፤ «ዙሪያ ሁሉ ዓለት ነው» የምትለው መስመር ብቻ፥ ከነቀለሟ፥ ከነፊደሏ ቅርጽ፥ በዐይናቸው ፊት ቆማ ታየቻቸው። አንዲት ዓሣ ከውኃው ፈናጥራ በጫማቸው ላይ ወድቃ ትንፈራገጥ ነበር፤ እርሳቸውም ወደ እርሷ አቀርቅረው፥ ምን እንደ ሆነች እንዳላወቀ ሰው ይመለከቷት ነበር። ያን ጊዜ ከወደ ሐይቁ በሩጫ የመጣው አያ ሺባባው ሁለት ትከሻቸውን ጨምድዶ ይዞ፥ «አለቃ! እንጎችት!» ብሎ በጆሯቸው ጮኸ። ይህች አንዲት ቃል ከሞት እንደ ቀሰቀሰቻቸው ሆነው፥ ያ በገመድ የለኩት የተራራው አንገት፥ ያ ሦስት ጊዜ የሚጠማዘዘው ወንዝ በአንድ ጊዜ ትዝ አላቸው፤ ጎርፉ የነቀለውን ደን ተሸክሞ በየጥምዝማዛው ሲገደብና ሲጣስ መቈየቱ አይቀርም። በዛፍ ጥላ ታስራ የነበረችውን የደጃዝማችን በቅሎ ማንንም ሳያስፈቅዱ ፈትተው ተቀመጡባትና በደኑ ውስጥ ቍልቍል ለቀቋት።

የሄዱበትን መንገድ በኋላ ሲጠየቁ ሊናገሩት አልቻሉም። የኮሶ ቅርንጫፍ ጥምጥማቸውን ነጥቆ አስቀረው፥ እሾኽ ካባቸውን ተለተለው፥ አንድ ጫማቸውም ወደቀ፤ በስተቀኛቸው ከገደሉ ማዶ ያ ድምፅ አንድ ጊዜ ሲርቅ፥ አንድ ጊዜ ሲቀርብ፥ አንድ ጊዜም ደን በደን ላይ ተከምሮ ሲገድበው ፈጽሞ ዝም ሲል ይሰሙ ነበር፤ ከድምፁም ይልቅ ዝምታው አስፈራቸው። ከአንገቱ ወጥተው እንጎችትን ቍልቍል ባዩ ጊዜ፥ መንደሪቱ ባዶ ነበረች፤ ሕዝቡ ሁሉ፥ ሽማግሌው ከሕፃኑ ጋር፥ በደረቀው ወንዝ ሆድ ውስጥ ተሰብስቦ ነበርና። ከበሮ ይመታል፥ ካህናት ጥላ ዘርግተዋል፥ ሴቶች እንስራቸውን በጠጠሩ ላይ ደርድረው ያሸበሽባሉ። አለቃም ከበቅሎዋ ወድቀው፥ ተነሥተው፥ ያላቸውን ድምፅ ሁሉ አሰባስበው፥ «ውኃው መጣ!» ብለው ጮኹ።

ሕዝቡም በአንድነት እልል አለ።

አለቃ በዚህ እልልታ ከሐይቁ መሸሽ ይልቅ ደነገጡ። «ሽሹ! ውኃው መጣባችሁ!» አሉ፤ የከበሮው ድምፅ ሌላውን ቃል ውጦ «ውኃው መጣ» የሚለውን ብቻ ለሕዝቡ አስቀረ፥ እልልታውም ጸና፥ ጎልማሶችም ሊሸከሟቸው ወደ እርሳቸው ሮጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቃልን ከቃል የለዩ፥ ምስጢርን ከምስጢር ያፈለቁ ሊቅ፥ በዚያች ሰዓት የሞትን ዜና ከምሥራች የሚለይ አንዲት ቃል አጡ። ያን ጊዜ ትብለጽ ሕፃኗን በጀርባዋ እንዳዘለች ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ አባቷን አየች። ባዶ ራሳቸውን ነበሩ። አባቷን በአደባባይ ባዶ ራሳቸውን ያየቻቸው እናቷ በሞተች ዕለት ብቻ ነበረና፥ የያዘችው እንስራ ከእጇ ወደቀ። ሮጣ ደረሰችባቸውና፥ «አባባ፥ ማን ሞተ?» አለቻቸው። እርሳቸውም፥ «እስካሁን እናንተ አልሞታችሁም። ከዚህ ከቈያችሁ ግን ሁላችሁ» አሏት፤ እጃቸውንም ወደ ዳገቱ ዘረጉ። እርሷም ሁለተኛ አልጠየቀቻቸውም። ነጠላዋን አውልቃ በወገቧ አሰረች፥ ሁለት እጇንም በራሷ ላይ ጭና፥ «ኡ! ኡ! ኡ! የሰው ያለህ! ወየው ጉዴ!» እያለች ሽቅብ ወደ ዳገቱ ሮጠች። በዚያ ሀገር ሕግ እልልታ የሰማ ይቀመጥ ይሆናል፥ ኡኡታ የሰማ ግን አይቀመጥም፤ ወደ ጮኸው ሰው ይሮጣል እንጂ። ከበሮው ተቋረጠ። አንዱ ሮጠ፥ ሁለተኛው ተከተለ፥ ወዲያውም ሕዝቡ ሁሉ እንስራውንና ጥላውን ጥሎ፥ ሽማግሌውን ጐትቶ፥ ሕፃኑን ነጥቆ፥ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ልቅሶዋን ተከትሎ ወደ ዳገቱ ጐረፈ።

ነገር ግን ጎሹ ከእነርሱ ጋር አልነበረም። እርሱና አሥራ ስድስት ጎልማሶች ውኃውን ከሁሉ ቀድመው ለማየት፥ ቀንደ መለከት ይዘው ወደ ላይኛው ጥምዝማዛ ሄደው ነበር። ሕዝቡ ከዳገቱ ወገብ ሲደርስ የመለከቱ ድምፅ አንድ ጊዜ ተሰማ፤ የደስታ ድምፅ ነበር። ሁለተኛ አልተሰማም። ከዚያም ከጥምዝማዛው ብቅ ያለውን ነገር ውኃ ብሎ የጠራው ማንም የለም፤ ደን ነበረ፥ ሥሩን ወደ ሰማይ፥ ቅጠሉን ወደ ምድር ያደረገ፥ በጭቃ የተለወሰ፥ የቤተ ክርስቲያን ጕልላት የሚያህል ቁመት ያለው ደን፥ ቋጥኙን እንደ ኳስ እያንከባለለ መጣ። የአፈሩ ሽታ አስቀድሞ ደረሰ፥ ነፋሱም ቀጥሎ፥ መንደሪቱም ከነጐተራዋና ከነበረቷ እንደ ተጻፈ ቃል በእርጥብ እጅ ተፋቀች። ከዳገቱ ላይ የቆመው ሕዝብ አላለቀሰም። ሰው በቤቱ ስፍራ ሐይቅ ሲያልፍ እያየ ምን ብሎ ያለቅሳል? ትብለጽ ግን ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ በደረቷ ይዛ፥ መለከቱ ወደ ተሰማበት ወገን ብቻ ትመለከት ነበር።

በሦስተኛው ቀን አለቃ በእግራቸው ወደ ደብረ ጽላሎት ተመለሱ። ስለ ባሕረ ሰናይት የሰሙት ሁሉ ላዩት አላዘጋጃቸውም። ሐይቅ በነበረበት ስፍራ ዳርቻው የማይታይ ጥቍር ረግረግ ተዘርግቶ፥ ሦስቱ ደሴቶች ሦስት ኮረብታ ሆነው፥ ሥራቸው እንደ ተገፈፈ ገላ ተራቍቶ ይታይ ነበር። ከዳር ዛፎች ጋር የታሰሩት ታንኳዎች ውኃው ከሥራቸው ስለ ሄደ ከገደሉ ላይ በገመዳቸው ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ፤ ዓሣው በነጭ ሆዱ ተገልብጦ ጭቃውን እስከ ዐይን ዳርቻ አንጥፎታል፤ ይብራዎችና ዳክዬዎች በሰማይ ይዞራሉ፥ የሚያርፉበትን ግን አያገኙም። የሐይቁ ሰዎችም በቀድሞው ዳር ረድፍ ይዘው ቆመዋል። አለቃ በመካከላቸው ባለፉ ጊዜ የሰደባቸው አልነበረም፥ የረገማቸውም አልነበረም፤ መንገድ ለቀቁላቸው፥ ይህም ከድንጋይ ውርወራ ይልቅ ሥጋቸውን ወጋው። አያ ሺባባውን በመካከላቸው ፈልገው አጡት። አንዲት አሮጊት፥ «ወደ ደጃዝማች ወስደውታል» አለቻቸው። «ሐይቂቱ እንደምትሄድ ቀድሞ ስለ ተናገረ፥ እርሱ ነው የሰደዳት ተባለ።»

በደጃዝማች መርዕድ አደባባይ አያ ሺባባው በጠፍር ታስሮ ቆሞ ነበር። መኳንንቱ፥ «እርሱ ካልደገመባት አስቀድሞ እንዴት ዐወቀ?» ይላሉ፤ ደጃዝማችም ከዚያች ዕለት ጀምሮ እንቅልፍ እንዳጡ ዐይናቸው ደም ለብሶ ነበር። አለቃን ባዩ ጊዜ፥ «በደኅና መጡ። ንጉሡ የሆነውን ጽፈን እንድንልክ አዘዋል። የዚህን ሰው ድግምት ከመጽሐፍ ቃል ጋር አስማምተው ይጻፉልን፥ ሀገሩም ጥፋተኛውን ዐውቆ ይረፍ» አሏቸው። አለቃም አንዲት መስመር ብትጻፍ ስማቸው፥ ጕልታቸው፥ ሊቅነታቸው ሁሉ እንደሚተርፍ ያውቁ ነበር። ነገር ግን በባዶ ራሳቸው ወደ መካከል ገቡና፥ «ጌታዬ፥ ይህ ሰው ያወቀው በመቅዘፊያው ወግቶ ነው። እኔ ያላወቅሁት ከድንኳኔ ሳልወጣ ጽፌ ነው። ነግሮኝም ሣቅሁበት። ዘጠኙን ቈፋሪዎች፥ አሥራ ሰባቱን የእንጎችት ጎልማሶች፥ የገዛ አማቼንም ጨምሮ የገደለቻቸው የእኔ መስመር ናት። ማሰር ከሆነ ጠፍሩ ከእርሱ ተፈትቶ በእኔ ይታሰር» አሉ። ደጃዝማች ከዙፋናቸው ሊነሡ ቃጡና ተመልሰው ተቀመጡ፤ «ታዲያ እኔስ በምን ቃል ታመንሁ?» ብለው ቀስ ብለው ተናገሩ። አያ ሺባባው ተፈታ፤ አለቃም ማዕርጋቸውና ጕልታቸው ተገፎ ከአደባባዩ ተሰናበቱ።

ከዚያ ወደ እንጎችት ሰዎች ሰፈር ወረዱ፤ እነርሱም በዳገቱ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ተክለው፥ ሣር ከድነው ይኖሩ ነበር። ትብለጽ የአባቷን ጥፋት ገና አልሰማችም፤ አለቃ ሕዝቡን አድነዋልና ሰዎች ይመርቋቸው ነበር፤ እርሷም ምርቃቱን በሰማች ቍጥር ጎሹን እያሰበች ታቀረቅራለች። አለቃ ከጎጆዋ ደጅ ቆመው፥ ሳይቀመጡ፥ ሁሉን ነገሯት። እርሷም እስኪጨርሱ ሰምታ፥ «ጎሹ ውኃውን ሊቀበል ሄዶ ነው የሞተ። በማን ቃል ነው የሄደ?» አለቻቸው። «በእኔ» አሏት። እርሷም ሕፃኗን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባችና የሣሩን መዝጊያ ሳበችው። እርሳቸውም ከደጁ አልራቁም፤ በአጠገቡ ከአንድ ድንጋይ ሥር አደሩ፥ በማግሥቱም፥ በሳምንቱም፥ በወሩም በዚያው ነበሩ። በየጧቱ አንድ ቅል ውኃና ቍራሽ እንጀራ ከመዝጊያው ሥር ታወጣላቸዋለች፤ ወደ ፊታቸው ግን አትመለከትም።

በተከታዩ ክረምት አያ ሺባባው መጣና፥ ሐይቂቱ ከሄደች ወዲህ ተራራው በብዙ ስፍራ እየተሰነጠቀ ስለ ሆነ፥ ሰው የሚሰፍርበትንና የማይሰፍርበትን የሚለይ እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። አለቃም ያለ ደቀ መዝሙር፥ ያለ ድንኳን፥ ያለ ጥምጥም አብረውት ወጡ፤ በዝናም ውስጥ ጉልበታቸው ድረስ እየሰመጡ፥ እያንዳንዱን ኮረብታ በመቅዘፊያው እየወጉ፥ አሸዋውን በእጃቸው እያሹ፥ ምንጩን በምላሳቸው እየቀመሱ ዞሩ። ያን ሽማግሌም ከዚያ ወራት ጀምሮ አንቱ ይሉት ጀመር፤ እርሱ መጀመሪያ አፈረ፥ በኋላ ግን ለመደው። አዲስ በጻፉት ብራና ላይ፥ ለእያንዳንዱ ስፍራ፥ «ይህን ያወቅሁት እገሌ ከሚባል እረኛ ነው፥ ይህን የነገረችኝ እገሊት ውኃ ቀጂ ናት» የሚል ተጨመረ፤ ያልረገጡትንም ስፍራ «አላየሁትም» ብለው ጻፉ። በእነርሱም ቃል የእንጎችት ሰዎች ከስንጥቁ ርቀው በጽኑ ዓለት ላይ ቤት ሠሩ።

ከዓመት በኋላ አንድ ቀን፥ አለቃ በአዲሱ ጎጆ ደጅ ተቀምጠው ሳሉ፥ ትብለጽ እንስራዋን ተሸክማ ወጣች። ጥቂት ቆማ አመነታች፤ ከዚያም ልጁን ከጀርባዋ ፈትታ፥ ወደ ፊታቸው ሳትመለከት፥ በጭናቸው ላይ አስቀመጠችውና ወደ ምንጩ ወረደች። ሕፃኑ በአያቱ ባዶ ራስ ላይ እጁን ሲያሳርፍ፥ ያ ሐይቅ ሲሸሽ ያላለቀሰ፥ ማዕርጉ ሲገፈፍ ያላለቀሰ ሰው በሁለት እጁ ልጁን ይዞ ተንሰቀሰቀ። ያች የትብለጽ ሥራ ምሕረት ነበረች ማለት አይቻልም፤ ከምሕረት በፊት የምትቀድም፥ ስም ያልወጣላት አንዲት ነገር ነበረች። ምድር ለሚረግጣት ትናገራለች፥ ለሚጽፋት ግን ጎንበስ ብሎ እስኪጠይቃት ድረስ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋንም እሺታ ብሎ የተረጐመ ሊቅ፥ ትርጓሜውን የሚያርመው በቀለም አይደለም፥ በሰው ደም ነው እንጂ።